ለመመለሻ የተሠራ ባና

ወንድሜ አሶሳ ባጃጅ የሚጠግንበት ጉድጓድ፣ ድሮ አያቴ ባና፣ ያን ወፍራም የደጋ ልብስ፣ ሲሠራ እግሩን የሚሰድበት ነበር። ዛሬ ዝናብ ገባበትና ወንድሜ ከሥሩ ያነጠፈው አሮጌ ባና የረጠበ በግ ሸተተኝ።

አያቴ በሰፈራ ከወሎ ሲመጣ ሸማኔ ነበር። እዚህም አራት የሸማኔ ዕቃ ተክሎ «ፋብሪካችን» ይለው ጀመር። የበግ ጠጉሩን ከአገር ቤት ያስመጣል፣ እናቴና አክስቶቼ ይፈትላሉ፣ እኔ ደግሞ የተሠራውን ባና እንዲጠብቅ በሙቅ ውኃ እረግጣለሁ። በዚያ ሙቀት ሰፋሪው ሁሉ ከእኛ ይገዛ ነበር፤ ገዝቶ ግን ሣጥን ውስጥ ይከተዋል እንጂ አይለብሰውም።

አንድ ቀን ላብ በላብ ሆኜ እየረገጥኩ፣ «አባባ፣ ይኼን ማን ሊለብሰው ነው?» አልኩት።

«እዚህማ ማን ይለብሰዋል? ስንመለስ ነው እንጂ» አለኝ፣ ምን ነካት በሚል ዓይን እያየኝ።

እያደር ሰው ቤቱን ቆርቆሮ አለበሰ፣ ማንጎ ተከለ፣ ልጅ ዳረ። ባና የሚጠይቅም ጠፋ። አያቴ ብቻ እስኪሞት ድረስ መሥራቱን አልተወም።

«የእሱ የመጨረሻው ነው፤ ከፈለግሽ ውሰጂው» አለኝ ወንድሜ፣ የረጠበውን ባና እያሳየኝ።

አነሣሁት። እንዴት ይከብዳል! ወስጄስ የት ልለብሰው? ጨመቅኩና መልሼ አነጠፍኩለት።