ዮርገን የሚገፋበት እግር

ዮርገን ሄድሉንድ አንድ የስኬትቦርድ ጌም ወደደ ሲባል የሰማ ሰው በስዊድኗ ማልሞ ውስጥ የለም። አዲስ ጌም በወጣ ቁጥር ከማንም ቀድሞ ይገዛል፣ ከማንም ቀድሞ ይጨርሳል፣ ከዚያ ሶፋው ላይ እንደተጋደመ በተጫዋቾች ገጽ ላይ አስተያየቱን ይጽፋል። አስተያየት ሲባል አንድ ሁለት መስመር እንዳይመስላችሁ። የዮርገንን ጽሑፍ ማንበብ ሲጀምሩ የተቦካ ሊጥ፣ አንብበው ሲጨርሱ ኩፍ ብሎ ይጠብቃል። የጎማው ድምፅ ሐሰት ነው ይላል። ኮንክሪቱ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል ይላል። ልጁ ዘሎ ሲያርፍ ጉልበቱ የሚታጠፈው እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ታጣፊ ወንበር ነው ይላል። መጨረሻ ላይ ከአምስት ሁለት ኮከብ ይወረውርና «ከልጅነቱ ጀምሮ ቦርድ ላይ የቆመ» ብሎ ይፈርማል።

እንጀራው ግን ሌላ ነው። የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው፤ የሰው መታጠቢያ ቤት ወለል ውሃ ገብቶበት ሲበሰብስ ሄዶ ያያል፣ አይቶም ጥፋቱ የባለቤቱ ነው ብሎ ይጽፋል። በስሙ የተፈረመ ደብዳቤ የደረሰው ሁሉ ይራገማል። ተጫዋቾቹ ግን ያጨበጭቡለታል። ልቡ ወደሚጨበጨብበት ቢያደላ ማን ይፈርድበታል?

እውነቱን ለመናገር ቦርድ ላይ መቆሙ ሐሰት አይደለም። ልጅ ሳለ አባቱ ኢንግቫር ገዝቶለት ነበር። ችግሩ ቤታቸው ኤስሎቭ ከምትባል ትንሽ ከተማ ወጣ ብሎ እርሻ መሃል መሆኑ ነበር፤ ደጁ ጠጠር፣ መንገዱ ጭቃ። ስለዚህ ዮርገን ቦርዱን የነዳው መኝታ ክፍሉ ምንጣፍ ላይ ነው፤ ከአልጋው እስከ ቁም ሳጥኑ። አንድ ቀን ከማሞቂያው ብረት ጋር ተላትሞ ጥርሱ ተሸረፈና ጉዞው በዚያው አበቃ። ቦርዱ ዛሬ ማልሞ ሳሎኑ ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ ጎማዎቹ ከሱቅ እንደወጡ ናቸው። እንግዳ ሲጠይቀው ዮርገን ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ «ስንቱን አብረን አሳለፍን መሰለህ!» ይላል። ሚስቱ ፔትራ ያን ጊዜ የሚሠራ ነገር ትዝ ይላትና ወደ ኩሽና ትገባለች።

ስሙ የገነነው በአንድ ጽሑፍ ነው። ቦርድ የሚነዳ ሰው የፊት እግሩን ቦርዱ ላይ ተክሎ በኋላ እግሩ መሬቱን ይገፋል። ገልብጦ የኋላውን ተክሎ በፊት እግሩ የሚገፋ ሰው ካለ ያየው ቦርደኛ ሁሉ ይስቅበታል፤ ቢሄድም፣ ባይወድቅም ይሳቅበታል። ለምን ብሎ መጠየቅ ራሱ ያስቃል። እና በአንድ ጌም ውስጥ፣ ከጀርባ፣ ማንም ልብ የማይለው አንድ አላፊ አግዳሚ ልጅ በፊት እግሩ ሲገፋ ዮርገን ያየዋል። ደሙ ፈላ። «ይህን የሠሩ ሰዎች እግር ያላቸው አይመስለኝም» ብሎ የጀመረው ጽሑፍ ከአንዱ ወደ ሌላው እየተላለፈ የስዊድንን ተጫዋች ሁሉ አዳረሰ። ከዚያ ወዲህ ዮርገን የጻፈውን የሚደፍር ጠፋ።

አንዲት ሴት ብቻ ቀረች። በገጹ ላይ ስሟ «አሮጌ ጉልበት» ነው። እሷ የምትጽፈው ሁሌም አንድ ነው፤ «ደስ ይላል። አምስት ኮከብ።» ዮርገን ይህን ባየ ቁጥር እንቅልፍ አይወስደውም። «ቦርድ ነክቶ ለማያውቅ ሰው እኮ ሁሉም ደስ ይላል» ብሎ ይመልስላታል። እሷም «እሺ፣ አንተ ካልክ» ትላለች። ብትሰድበው ይሻለው ነበር።

እንዲህ እያለ ነው «ኮንክሪት» የተባለውን ጌም የሚሠራው የማልሞ ትንሽ ድርጅት ማስታወቂያ ያወጣው። ለሚቀጥለው ጌም ከተጫዋቾች መካከል አንድ አማካሪ ሊመርጥ ነው፤ የተመረጠው ሰው ስም ጌሙ ውስጥ ይገባል። ፈላጊዎች ቅዳሜ ቦርዳቸውን ይዘው ወደቡ አጠገብ ወዳለው የኮንክሪት ሜዳ ይምጡ፤ ጥቂት ነድተን እንጨዋወታለን ይላል።

ዮርገን ያነበበውን ደግሞ አነበበ። በሕይወቱ ስሙ የተጻፈው የፖስታ ሳጥኑ ላይና በእምቢታ ደብዳቤ ግርጌ ብቻ ነበር። አሁን ግን ሰው ወድዶ በሚከፍተው ነገር ውስጥ፣ በሙዚቃ ታጅቦ፣ ሊወጣ ነው። ይህን ያህል የተመኘው ነገር ኖሮ አያውቅም፤ ፔትራን ሲያገባ እንኳ እንዲህ አልቋመጠም፤ እሷም ይህን ታውቃለች።

«ቦርድ ይዛችሁ ኑ ነው እኮ የሚለው» አለችው።

«እይዛለኋ!»

«መያዙንስ ትይዛለህ። ትነዳዋለህ ወይ ነው ጥያቄው።»

«ሰውነት አይረሳም፣ ፔትራ።»

«የሚያውቀውን ነዋ የማይረሳው! ውጣና መኪና ማቆሚያው ላይ ትንሽ ሞክር። ጎረቤት ቢያይህ ምን ይልሃል?»

ዮርገን ግን መኪና ማቆሚያው ተዳፋት ነው፣ አስፋልቱም ልክ አይደለም አለና ሶፋው ላይ ተመቻችቶ በጌሙ ተለማመደ። ጆይስቲኩን ይዞ ደረጃ ዘለለ፣ በብረት ላይ ተንሸራተተ፣ አየር ላይ ተሽከረከረ። አንድም ጊዜ አልወደቀም።

ቅዳሜ ዝናቡ ተወት አድርጎ ነበር። ሜዳው ዳር ከተቀመጡት ሰዎች መካከል ሽበታም ፀጉሯን ወደኋላ ያሰረች፣ ጉልበቷ ላይ ወፍራም ማሰሪያ ያጠለቀች ሴት በቂጣ የተጠቀለለ ፈላፍል ትበላለች። ዮርገን ከግድግዳ ያወረደውን ቦርድ ይዞ ሲደርስ ተነሥታ እጇን ዘረጋችለት።

«ቱቫ እባላለሁ። ከጎተንበርግ ነው የመጣሁት፤ የጥርስ ሐኪም ነኝ። አሮጌ ጉልበት እኔ ነኝ።»

ዮርገን ከላይ እስከ ታች አያት። «እና... ቦርድ አልያዝሽማ?»

«ተከልክያለሁ። ጉልበቴን ሁለት ጊዜ ተቀድጃለሁ፣ ሦስተኛ ከሆነ በዱላ ነው የምትሄጂው ተብያለሁ። ወጣት ሳለሁ እዚህ ዴንማርክ ድረስ እየተሻገርኩ እወዳደር ነበር። አሁን በጌሙ ነው የሚወጣልኝ። ለዚህ ነው ደስ የሚለኝ፤ ቅር አይበልህ።»

ዮርገን የያዘውን ቦርድ ጎማ ይመረምር ጀመር። ደግነቱ ኤልቪራ መጣችለት፤ የድርጅቱ ሠራተኛ ናት፣ የሰውን እንቅስቃሴ እየቀረጸች ወደ ጌሙ የምታስገባው እሷ ናት። ካሜራዋን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ፈገግ አለች።

«አንተ ዮርገን ነህ! ቢሮ ውስጥ ጽሑፍህን ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል፣ ታውቃለህ? የእግሩን! በል እስኪ፣ ከዚህ እስከዚያ ዝም ብለህ ግፋ። ምንም መዝለል አያስፈልግም።»

ሰው ሁሉ ዞረ። ዮርገን ደረቱን ነፍቶ ቦርዱን መሬት ላይ አኖረው። አንድ እግሩን ጫነበት። እዚህ ላይ አንድ ነገር ቆም ብሎ ማሰብ ነበረበት፤ ነገር ግን ዕድሜውን ሙሉ የገፋው በአውራ ጣቱ ነው። ጆይስቲኩን ጫን ሲያደርግ ልጁ ራሱ ትክክለኛውን እግር ያውቃል፤ ዮርገንን ማንም የትኛው እግር ይሁን ብሎት አያውቅም። ስለዚህ የቀናውን እግር አነሣና ገፋ።

የፊቱን ነበር።

አንዴ ገፋ፣ ደግሞ ገፋ፣ ቦርዱ እየተወላገደ ሄደ፣ እሱም ወገቡን ሰብሮ፣ ክንዶቹን ዶሮ እንደሚያባርር ሰው ዘርግቶ ተከተለው። የሳቀ የለም። እዚያ አገር ሰው ፊት ለፊት አይስቁም፤ ዝም ይላሉ፣ ዝምታቸውም ከሳቅ ይብሳል። አንዱ ጎልማሳ የጫማ ማሰሪያውን ያጠብቅ ጀመር። ጫማው ማሰሪያ የለውም።

«የሚያጓጓ ነው» አለች ኤልቪራ ከካሜራዋ ኋላ ሆና። ይህ ቃል በዚያ አገር መጥፎ ነገር ያየ ጨዋ ሰው የሚለው ነው።

ቱቫ እያነከሰች ጠጋ አለችው። «ዮርገን፣» አለች ቀስ ብላ፣ «በፊት እግርህ ነው እኮ የምትገፋው። ቀይረው፤ ማንም ምንም አይልህም።»

ዮርገን አንድ እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ቆመ። ያኔ «አዎ» ቢል ኖሮ ነገሩ እዚያው አብቅቶ፣ ፈላፍል አብረው በልተው፣ ምናልባትም ወዳጅ ሆነው በተለያዩ። እሱ ግን በኢንሹራንስ ቋንቋው፣ «የመሬቱ ጥፋት ነው፤ ይህ ኮንክሪት ውሃ አሳልፏል» አለ። ደግሞም ገፋ፤ በዚያው እግር። ከዚያ ቦርዱ ወደ ግራ፣ እሱ ወደ ቀኝ ሄዱ።

የተመረጠችው ቱቫ ናት። ዮርገን ለሳምንታት በገጹ ላይ ድምፁ ጠፋ፤ ፔትራም ለእሱ ስትል ስለ ጌም ማንሣት ተወች። ታዲያ አንድ ቀን ኤልቪራ ደወለች።

«ዮርገን፣ ስምህን አዲሱ ጌም ውስጥ ማስገባት ፈልገን ነበር፣ ፈቃድህ ከሆነ። እንዴት እንደሆነ ላስረዳህ፣ ያን ቀን የቀረጽነውን...»

«ፈቅጃለሁ!»

«ቆይ፣ መጀመሪያ ብትሰማኝ ይሻላል፤ ምናልባት...»

«ኤልቪራ፣ ፈቅጃለሁ አልኩሽ እኮ! ስሜን ብቻ እንዳታበላሹት።»

ጌሙ የወጣ ዕለት ፔትራ ኬክ ገዛች። አባቱ ኢንግቫር ከኤስሎቭ በባቡር መጣ፤ ሽማግሌው ትራክተር እንጂ ጌም አያውቅም፣ ግን የልጁ ስም ሊወጣ ነው ተብሎ የሠርግ ኮቱን ለብሷል። ዮርገን ሁለቱን ሶፋው ላይ አስቀምጦ፣ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ ጌሙን ከፈተ። አማካሪ በሚለው ሥር የቱቫ ስም አለፈ። የእሱ የለም። ከዚያ ጌሙ «አገፋፍ ይምረጡ» አለና ሁለት ሳጥን አመጣ። አንዱ ላይ «ትክክለኛው» ይላል። ሌላው ላይ «ዮርገን»።

«ይኸውልህ! ስምህ!» አለች ፔትራ፣ ጣቷን እየጠቆመች። ልትቀልድበት ሳይሆን ከልቧ ደስ ብሏት ነበር፤ ገና አልገባትም። «ተጫነው እንጂ!»

ዮርገን ተጫነው። ቴሌቪዥኑ ላይ አንድ ሰው ብቅ አለና የፊት እግሩን አንሥቶ፣ ወገቡን ሰብሮ፣ ዶሮ እያባረረ በኮንክሪቱ ላይ መሄድ ጀመረ። ፔትራ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ኢንግቫር ግን መነጽሩን አድርጎ ወደ ቴሌቪዥኑ ጎንበስ አለ። ፊቱ በራ።

«ኧረ ያው አንተ ነህ!» አለ። «ጉድ ነው፤ እንዴት አድርገው ነው ያመሳሰሉት? ልክ እንዲህ ነበር እኮ ምንጣፉ ላይ የምትገፋው! እናትህን በር ላይ ጠርቼ አሳያት ነበር፣ ነፍሷን ይማረውና። ይህን የሠራው ሰው ጎበዝ ነው። ቁርጥ አንተን!»

ዮርገን የሚገባበት ጠፋው። ጌሙ ላይ ሐሰት ፈለገ፤ ጎማውን ሰማ፣ ትክክል ነው። ኮንክሪቱን አየ፣ ሻካራ ነው። ጉልበቱ እንደ ሰው ጉልበት ይታጠፋል። ዕድሜውን ሙሉ እውነት የሆነ ጌም ሲጠይቅ ኖሮ ይኸው ሠርተው አመጡለት፤ እውነቱም እሱ ራሱ ሆነ። ተነሥቶ ማዕዘኑ ላይ ወዳለው ወንበር ሄደ፣ ስልኩን አወጣና ጎበጥ ብሎ መጻፍ ጀመረ።

ፔትራ የኬክ ሳህኗን ይዛ ከኋላው መጥታ አነበበች። «አገፋፉ ከእውነት የራቀ ነው» ይላል። «በተለይ ትከሻው። እውነተኛው ዮርገን እንዲህ አይጎብጥም። ከአምስት ሁለት ኮከብ።»

«እሺ፣» አለችው ኬኳን እየቆረሰች፣ «እንግዲያው ቀና ብለህ ጻፈው።»