ባዶ ጉርሻ

ባለቤቴ አንገቱን ተቀዶ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ፣ ወደ ቤታችን የተመለሰው በዐቢይ ጾም ነው። ከታይሮይድ ጀርባ ፓራታይሮይድ የሚባሉ አራት ትንንሽ እጢዎች አሉ፤ አንዷ አብጣ ሆርሞኗን ያለ ልክ ስትረጭ ካልሲየሙን ከአጥንቱ እየመዘዘች ኩላሊቱን ጠጠር ሞልታው ነበር። ነገረኛም አድርጋዋለች። እኔ ጠባዩ ነው ብዬ ስንት ዓመት ሙሉ ከእጢ ጋር ስጨቃጨቅ ኖሬያለሁ።

እጢዋ ከወጣች በኋላ ሆርሞኑ አሽቆለቆለ። ሐኪሙ «የቀሩት ሦስቱ እሷን ተማምነው ሥራ ፈትተው ነው የኖሩት፤ እስኪነቁ ድረስ በደሙ ውስጥ ያለው ካልሲየም ይወርዳል» አለን። ስለዚህ ጠመኔ የሚመስለውን የካልሲየም ክኒን ጠዋት፣ ቀትርና ማታ እንዲውጥ አዘዘው፤ ከተወው ግን ልብ ድረስ የሚሄድ ጣጣ እንዳለው ለእኔ ለብቻዬ ነገረኝ። ባለቤቴ እንደ ጨዋ ተማሪ «እሺ ዶክተር» አለ።

አምቦ ስንደርስ ያ እሺታ ለካ ጊንጪ ላይ ወርዶ ቀርቷል። ቅዳሴ ሳይወጣ እንኳን ክኒን ውሃም በአፌ አይዞርም አለ። «በሽተኛ እኮ ነህ፤ የንስሐ አባታችንን ጠይቃቸው» ስለው፣ «እሳቸውን ምን አደከማቸው? ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉንም ባንድ ላይ እውጠዋለሁ፤ ሒሳቡ ያው ነው» አለኝ።

ብዙም ሳይቆይ የእህቱ ባል ከጊንጪ ሊጠይቁት መጡ። የተከበሩ ሽማግሌ ናቸው፤ «አካም ጅርታ» ተባብለው ሳይጨርሱ ስለ በሬያቸው ማውራት ጀመሩ። ባለቤቴ ከንፈሩን ደጋግሞ ያሻል። «ምን ሆነሃል?» ስለው «ውርር አለኝ፤ ብርድ ነው» ይላል። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ተጋቢኖውን አቀረብኩ። ገና እጁን ወደ ትሪው ሲሰድ ጣቶቹ ተገጣጥመው፣ አንጓው ታጥፎ፣ እጁ አየር ላይ ደርቆ ቀረ፤ ልክ ለሽማግሌው ጉርሻ እንደጠቀለለ ሰው። እሳቸውም «ገለቶማ፣ እግዜር ይስጥህ» ብለው አፋቸውን ከፈቱ። ከፈቱና ጠበቁ። እጁ አልመጣም። በትሕትና ትንሽ ጠጋ አሉ። ያኔ ነው እጁ ባዶ መሆኑን ያየሁት፤ ሳቄና ድንጋጤዬ እኩል መጡብኝ።

በባጃጅ ሆስፒታል አደረስነው። ካልሲየሙ በደም ሥሩ ቀስ እያለ ሲገባለት ጣቶቹ ተፈቱ። በማግስቱ የንስሐ አባታችን መጥተው «ለበሽተኛ መድኃኒት ጾም አያፈርስም፤ ይልቅ ሚስትህን ማስጨነቅህ ነው ኃጢአቱ» ብለው ተቆጡት። ከዚያ ወዲህ ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ፊቱን እያጨማደደ ይውጥ ጀመር።

ከወራት በኋላ ለሆርሞኑ ምርመራ አዲስ አበባ ሄድን። ውጤቱ ደህና ነበር፤ ሦስቱ ሰነፎች ነቅተዋል። ፍርሃቱ ሲለቀኝ፣ ያን ሁሉ ጊዜ አፍኜ የያዝኩት ቁጣ በመመለሻችን አውቶቡስ ውስጥ ገነፈለ።

«ለምንድነው እንደዚያ ግግም ያልከው?» አልኩት።

በመስኮት ወደ ውጭ እያየ «ከመቀደዴ በፊት ተስዬ ነበር» አለ። «በደህና ከወጣሁ ጾሙን አንድም ቀን ሳላጓድል እጾማለሁ ብዬ።»

«ምን የሚሉት ስለት ነው?»

«አንቺ ብቻሽን እንዳትቀሪ ብዬ ነዋ።»

እኔ መልስ አጥቼ አላውቅም። «በኔ ጉዳይ ከእግዜር ጋር ስትዋዋል እኔንም ብታማክረኝ ምን ነበር?» አልኩትና ከቦርሳዬ ቆሎ ዘግኜ አጎረስኩት።