እምቢ ያልኩት ስኮላርሺፕ

በእኛ ቤት የቀረበ ነገር ወዲያው አይነካም። መጀመሪያ "አይ፣ ይቅርብኝ" ይባላል፤ ባለቤቱ "በሞቴ" ይላል፤ አንዴ ደግሞ እምቢ ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ነው እጅ የሚዘረጋው። ይህን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፣ አብሮኝ ያደገ ጠባይ ነው። ሚኒሶታ ከመጣሁ ወዲህ በሥራ ቦታ ስንትና ስንት ኬክ አምልጦኛል መሰላችሁ። "ትፈልጊያለሽ?" ይሉኛል፣ "ኖ፣ ታንክ ዩ" እላለሁ፣ እነሱ እቴ፣ ሁለተኛ አይጠይቁም፤ ቆርሰው ይበላሉ። የኬኩስ ነገር ይሁን። ይኸው ጠባይ ግን በስኮላርሺፕ ጉድ ሠራኝ።

ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ውስጥ አረጋውያን የሚጦሩበት ቤት ነርስ ረዳት ሆኜ እየሠራሁ፣ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ነርሲንግ እማር ነበር። የቀረኝ አንድ ሴሚስተር ነው። እሱ ግን ክሊኒካል አለው፤ ሆስፒታል ገብቶ በሽተኛ እየነኩ መማር ማለት ነው። ቀን ቀን ነው፣ ደሞዝ የለውም። የእኔም ሺፍት ቀን ነው። ሺፍቴን ከቀነስኩ የትምህርቱን የምከፍልበት አይኖረኝም፣ ካልቀነስኩ ክሊኒካሉ ቀረ። ልጄን የማሳድጋት ብቻዬን ነው፤ "እስኪ ላግዝሽ" የሚል ሌላ ሰው ቤት ውስጥ የለም። ስለዚህ የስኮላርሺፕ ማመልከቻ ሞላሁና ከደረሰኝ እጨርሳለሁ፣ ካልደረሰኝ አቋርጣለሁ ብዬ ቆረጥኩ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ከኮሌጁ ተደወለ። ስኮላርሺፕ ክፍል የምትሠራ ሴት ናት፤ ደስ በሚል ድምፅ ተመርጠሻል አለችኝ። አንድ ስማቸው እንዲነገር የማይፈልጉ ሰው፣ ከኪሳቸው አውጥተው ለነርሲንግ ተማሪ የሰጡት ነው። ትቀበያለሽ ወይ አለችኝ። ልቤ ሊወጣ ደረሰ፤ አፌ ግን የለመደውን አደረገ። "ኧረ ከእኔ የባሰ ችግረኛ አይጠፋም፣ ለሌላ ሰው ስጡት" አልኳት። ከዚያ "አይሆንም፣ ለአንቺ ነው" እስክትለኝ ጠበቅኩ። እሷ ደግሞ በጣም ደግ ሰው ነሽ፣ እንደዚያው ብዬ እጽፋለሁ ብላ፣ መልካም ቀን ተመኝታልኝ ዘጋችው።

ታምኑኛላችሁ? መልሳ ትደውላለች ብዬ ሦስት ቀን ስልኬን ከእጄ አልለየሁም። በሦስተኛው ቀን ለልጄ ነገርኳት። እዚሁ የተወለደች ናት፣ በአማርኛ ሳወራት በእንግሊዝኛ ነው የምትመልስልኝ። ማንኪያዋን አስቀምጣ ፈልገሽው ከሆነ ለምን እምቢ አልሽ አለችኝ። ለማስረዳት ስሞክር ለራሴም ቂልነት ሆኖ ተሰማኝ። ሴትዮዋ የሰው ሐሳብ አታነብም እኮ አለችኝ፣ እውነቷን ነው።

በማግስቱ ከምኖርበት ከኢገን ከተማ መኪናዬን ድራይቭ አድርጌ የሴትዮዋ ቢሮ ሄድኩ። ነገሩን ስነግራት እጇን አፏ ላይ ጫነች። ገንዘቡ ለተከታዩ ተማሪ ተሰጥቷል፣ እሱም ፈርሟል፤ መመለስ የለም። ከዚያ ከልቧ ለማወቅ ፈልጋ ስንት ጊዜ መጠየቅ ነበረብኝ ስትለኝ፣ ሁለቴ ይበቃ ነበር አልኳት። ሁለታችንም ሳቅን። ፓርኪንግ ወርጄ መኪናዬ ውስጥ ግን እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ሳምንት ሳይሞላ ሴትዮዋ ደወለች። ሰጪዋ አሮጊት ናቸው፣ የሆነውን ሰምተው ሊያዩሽ ይፈልጋሉ አለችኝ። ከጭንቀቴ ይልቅ ጉጉቴ በለጠ። የማን ልጅ ናት፣ ከየት ናት ሳይል ለማያውቀው ሰው የሚሰጥ ምን ዓይነት ሰው ነው? እኛ ዘንድ ሰጪና ተቀባይ ይተዋወቃሉ፣ ምርቃት አለ፣ ውለታ አለ። በሐሳቤ ሐይቅ ዳር ትልቅ ቤት ሠራሁላቸው፣ ፀጉራቸውን አሳምሬ፣ ወርቅ አደረግሁላቸው።

በቀጠሯችን ቀን ኮሌጁ የመጡት፣ በዊንተር በረዶ እንዲያቀልጥ መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ጎኗን የበላት አሮጌ መኪና እየነዱ ነው። ካፖርታቸው አንድ ቁልፍ ጎድሎታል። ጡረታ እስኪወጡ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ፊት ለፊቴ ተቀምጠው፣ ያለ ምንም መግቢያ፣ ገንዘቡ ባይገኝ ምን ታደርጊያለሽ አሉኝ።

"እንደምንም እወጣዋለሁ" አልኩ፤ አመለጠኝ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸውም በወጣትነታቸው ነርሲንግ ጀምረው ገንዘብ ሲያጥራቸው መምህራቸው ልርዳሽ ወይ ብላቸው ነበር። "እኔም እንደምንም እወጣዋለሁ አልኳት" አሉኝ። "ከዚያ ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ነዳሁ።" ልጆቹን ይወዷቸው ነበር፣ በሥራቸውም አያፍሩም። ሆስፒታል በሄዱ ቁጥር ግን ነርሶቹን ቆመው ያያሉ።

"አቋርጣለሁ" አልኳቸው። ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነበር።

እንግዲያውስ ለአንቺም እጨምራለሁ አሉ። መኪና ሊቀይሩበት ያስቀመጡት ገንዘብ አለ፤ ያቺ መኪና አንድ ዊንተር ደግሞ ትችላለች።

እዚህ ላይ ነው የጨነቀኝ። ኬክ አይደለም፣ ለወግ የሚባል እምቢታም አይደለም። የእኚህን አሮጊት መኪና ወስጄ ልማር? ሁለመናዬ እምቢ በዪ፣ እምቢ በዪ አለኝ። እሳቸው ዓይን ዓይኔን እያዩ ይጠብቃሉ። እምቢ ብል ተነሥተው እንደሚሄዱ አሁን ገብቶኛል።

"እቀበላለሁ" አልኩ። ኀፍረቱ ፊቴን አቃጠለው፣ ደስታው ደግሞ እንባዬን አመጣው፤ እንደዚያ ሆኜ ፈረምኩ።

ያን ዊንተር በረዶ በጣለ ቁጥር መኪናቸው ተነሥታላቸው ይሆን እያልኩ፣ ክሊኒካሌን አንድ ቀን ሳልቀር ጨረስኩ።