ያልተለወጠውን እይ

አያታችን አባባ፣ የፈረስ ውርንጭላ ሲያመጡላቸው ቀለሙን አያዩም ነበር። ደጃፍ ካለው መደብ ሳይነሱ፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ጆሮውንና ሰኮናውን ይመረምሩና የየትኛዋ ባዝራ የልጅ ልጅ እንደሆነ ይናገራሉ። «የተለወጠው ያታልልሃል፤ ያልተለወጠውን እይ» ይሉኛል። የእንጅባራን ገበያ አብሬያቸው የዞርኩት እኔ ነኝና ቃሉ የእኔ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

አንድ ክረምት ታናሽ እህቴ ከዩኒቨርሲቲ ወረቀት ተሸክማ መጣች። ከግመልና ከሰው የተገኙ የኮሮና ቫይረሶች ፕሮቲን በፊደል ተደርድሮበታል። የትኛው ቦታ እንደሚለዋወጥ፣ የትኛው እንደሚጸና በስታቲስቲክስ እያሰላች የቫይረሶቹን የዘር ሐረግ ትፈልጋለች። እኔ አንድ መስመር ሳልጨርስ ሰለቸኝ። አባባ ግን ፊደሉን ማንበብ ሳይችሉ፣ ጣታቸውን ወደ ታች እየጎተቱ «ይኸ እዚህም አለ፤ እዚህም አለ» ሲሉ አብረዋት ዋሉ። በመጨረሻም «ያልተለወጠውን እዪ፣ ልጄ» አሏት።

የእኔን ቃል! ያን ቀን እራት አልበላሁም። እሷንም ለወራት በደንብ አላናገርኳት።

የአባባ አርባ በወጣ ማግስት አንድ የጥርባ መንደር ሰው ውርንጭላ እየሳበ መጣና ባዶው መደብ ፊት ቆመ። መሞታቸውን አልሰማም ነበር። ሰውየውን እንዲሁ መመለስ ከበደኝና የውርንጭላውን ጆሮ መመርመር ጀመርኩ። እህቴ በሩ ላይ ቆማ ታየኛለች።

«አንገትህን የምታዘነብለው ልክ እንደ እሳቸው ነው» አለች። «እኔ ግን ከእሳቸው ምንም የለኝም።»

ድምጿ ውስጥ ያለውን ቅናት ወዲያው አወቅሁት፤ እኔም ስንት ጊዜ ተሸክሜዋለሁ። አንገቴን ግን እንደዘነበለ ተውኩት።