በወር ያከራየሁት ባሕር

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሚስቴም፣ ለነፍስ አባቴም። ነፍስ አባቴ ዘንድማ ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ግን መጀመሪያ ጌም ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎ የጌም ጭማሪ ምን እንደሆነ ማስረዳት ሊኖርብኝ ሆነ። ያን ጨርሼ ኃጢአቱ ጋ እስክደርስ ይመሻል ብዬ ሌላ ቀለል ያለ ኃጢአት ነግሬያቸው ተመለስኩ። እንግዲህ አንባቢዬ፣ ዛሬ የምናዘዘው ላንተ ነው። መስቀል ባትይዝም አድምጠኝ።

አስቀድሜ ጅልነቴን ልመን። መካነ ሰላም ውስጥ ዲሽ የማስተካክለው ታደሰ ነኝ። አንዴ ከቆርቆሮ ጣራ ላይ ተንሸራትቼ ስወድቅ፣ መሬት ሳልደርስ «አሁንስ ጠራ?» ብዬ የጮህኩ ሰው ነኝ። ምስሉ ጠርቶ ነበር፤ የተሰበረው እግሬ ነው። ከተማው በዚህ ሲስቅ ይኖራል፣ እኔም አብሬ እስቃለሁ። የአሁኑ ጅልነቴ ግን የሰበረው የሌላ ሰው ነገር ነው።

ጋሽ ሰይድ ጎረቤቴ ናቸው። በጉብዝናቸው ጊዜ ኤንትሬ የጭነት መኪና ይዘው አሰብ ወደብ ድረስ ይመላለሱ ነበር። ከዚያ መንገዱ ተዘጋ፣ ዕድሜም ሄደ፣ ወገባቸው አልታዘዝ አለና ቤት ዋሉ። ጂዳ ያለችው ልጃቸው፣ የአሠሪዎቿ ልጆች የሰለቹትን የጌም ማሽን ላከችላቸው። ውስጡ የጭነት መኪና የሚነዳበት ጌም አለ። ቲቪያቸው ላይ የገጠምኩላቸው እኔ ነኝ። መንጃውን፣ ጆይስቲኩን ሲይዙ ብታያቸው! ጨቅላ ልጅ የሰጧቸው ይመስል በሁለት እጃቸው ተቀበሉት። በሳምንቱ ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ እየወጡ ከኋላቸው ያለውን ሾፌር ይሳደባሉ።

ጌሙ ግን ተራራና ሜዳ ብቻ ነበረው። መንገዱ አንድ ቦታ ሲደርስ ይቆረጣል። ከዚያ ወዲያ ያለው የባሕር ዳርቻ ለብቻው የሚመጣ ጭማሪ ነው።

«ከዚህ ወዲያ ምን አለ?» አሉኝ።

«ባሕር ነው ጋሽ ሰይድ። ግን ለብቻው ነው የሚገዛው።»

በማግስቱ ሙክታቸውን ሸጠው መጡ። «እንካ ታደሰ፣ አንዴ ግዛልኝና ገላግለኝ» አሉ።

ከዚህ ሆኖ እንዲህ ያለውን ነገር ለመክፈል ውጭ አገር የሚሠራ የባንክ ካርድ ያለው ሰው ያስፈልጋል። እኔ ደግሞ አዲስ አበባ ካርድ ያለው የእህት ልጅ አለኝ። ጭማሪው በሁለት መንገድ ይገኛል። ወይ አንዴ ትገዛዋለህ፣ እስከ መጨረሻው ያንተ ነው። ወይ በየወሩ ትከፍላለህ፣ ያልከፈልክ ቀን ይዘጋብሃል። ይህን አውቅ ነበር። ሁለቱንም ስልኬ ላይ አይቻለሁ።

እኔ ምን አልኩ? «አይሸጥም፣ በወር ነው የሚከራየው» አልኩ። ዋሸሁ። ማንም አላዘዘኝም፣ ማንም አልገፋኝም፤ እኔ ነኝ የዋሸሁት። ከብሩ ሳንቲም አልነካሁም፤ የተረፈውን ቆጥሬ መለስኩላቸው። ምነው በሰረቅኩ! ብር እኮ ይመለሳል።

ለምን ዋሸሁ? ግዢ ሰውን ያለያያል፣ ኪራይ ያገናኛል ብዬ። ገዝቼ ብሰጣቸው «አላህ ይስጥህ» ይሉኛል፣ በቃ፣ እኔም ወደ ጣራዬ። በወር ከሆነ ግን ወሩ በሞላ ቁጥር ይጠሩኛል። አስበው እስኪ፣ ሙሴ እንኳ ባሕር የከፈለው አንዴ ነው፤ እኔ በየወሩ ልከፍል!

እንዳሰብኩትም ሆነ። ወሩ ሲሞላ ይጠሩኛል። ባለቤታቸው እትዬ ዘይነባ ምሳ ያቀርባሉ። ከመክፈቴ በፊት ጋሽ ሰይድ እጃቸውን ዘርግተው ዱአ ያደርጉልኛል፤ እኔ የማርያም ጽዋ የምጠጣው ሰው እጄን ዘርግቼ አሚን እላለሁ፤ በእኛ አገር ይህ ብርቅ አይደለም። «የተዘጋውን እንደከፈትክልን፣ ያንተንም የተዘጋ ይክፈትልህ» ይሉኛል። የዘጋሁት እኔ! ራሴ የቆለፍኩትን በር እየከፈትኩ ስንት ወር ተመረቅኩ። በውሸት የተገኘ ምርቃት ወዴት ነው የሚሄደው? እኔን ነው የሚያገኘኝ ወይስ መንገድ ላይ ይቀራል?

ከዚያ እንነሳለን። ውጭ ጉሙ ከዓባይ በረሃ ወጥቶ መስኮቱ ላይ ተኝቷል። ቲቪው ውስጥ መኪናው ዳገቱን ጨርሶ ቁልቁል ይወርዳል፣ ይወርዳል። ዛፉ እያጠረ፣ መሬቱ እየነጣ፣ ብርሃኑ ማር እየመሰለ ይሄዳል። የጋሽ ሰይድ ድምፅ ይለወጣል፣ የወጣት ይሆናል። «ዘይነባ፣ መስኮቱን ክፈቺው፣ ደርሰናል» ይላሉ። እትዬ ዘይነባም ይከፍቱታል። ከለጋምቦ ደጋ በኩል የሚመጣው ብርድ ሰተት ብሎ ይገባል። እኛ ሦስታችን ግን በረሃ እንደወረደ ሰው ጋቢያችንን ከትከሻችን ዝቅ እናደርጋለን። ሞተሩን ያጠፉታል። ያ ሰማያዊ ነገር ግድግዳውን ሞልቶ ይተነፍሳል።

«ማዶው የት ነው?» ይላሉ እትዬ ዘይነባ።

«ማዶ የለውም» ይላሉ ጋሽ ሰይድ፣ ራሳቸው የሠሩት ይመስል።

«ጨው ጨው ይላል» ይላሉ ደግሞ። ማርያምን፣ እኔንም ሸቶኛል። ባሕር በዓይኔ አይቼ የማላውቀውን ሰውዬ! አንዳንዴ ከዚያ ወጥቼ ወደ ቤቴ ስሄድ እግሬ አሸዋ ላይ የሚራመድ ይመስለኝ ነበር።

እንዲህ እያልን ሳለ አንድ ሰርግ ላይ ተጠራን። ዳሱ ጢም ብሏል። ጋሽ ሰይድ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ይሄ ታደሰ የከተማውን ዲሽ ሁሉ ወደ ሰማይ ያዞራል፤ የራሱን ግን ወደ ዘይነባ ማጀት ነው ያዞረው» አሉ። ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቅኩ። በሰው ላይ ስቀልድ የኖርኩት ሰው አንዲት ቀልድ ግን አልዋጥልህ አለችኝ። ያመመችኝ እውነት ስለሆነች ነው።

ወሩ ሲሞላ አልከፈትኩም። «ኔትወርክ የለም» አልኩ። ሲደግሙ «ከላይ ዘግተውታል» አልኩ። ከላይ ማን አለ? ከላይ ያለሁት እኔ ነኝ፣ ጣራ ላይ። አንዲት ወር ብቻ ይቅመሷት፣ ዋጋዬን ይወቁ ብዬ ነው።

እትዬ ዘይነባ ሁለት ጊዜ በሬ ድረስ መጡ። «ታደሰ፣ ያቺን ባሕር ክፈትለት እንጂ። ቀኑን ሙሉ መንገዱ የተቆረጠበት ቦታ መኪናውን አቁሞ ነው የሚውለው» አሉኝ። «እየሞከርኩ ነው እትዬ» አልኩ። ስልኩ እጄ ላይ ነበር። ለእህቴ ልጅ አንዲት መልእክት መላክ ነበር ሥራው። አንዲት መልእክት!

ጋሽ ሰይድ ስኳር በሽታ እንዳለባቸው አውቅ ነበር። ወደ ዓይናቸው እየወጣ እንደሆነ ግን አላወቅኩም፤ ተቀይሜ መቼ ጠየቅኳቸው? በዚያው ወር ደሴ ሆስፒታል ሄደው እንደተመለሱ የሰማሁት ከሰው ነው።

ወሩ ሲያልቅ ቂሜም አለቀና ሄጄ ከፈትኩ። ምንም እንዳልተፈጠረ ዱአ አደረጉልኝ። መኪናው ወረደ። መስኮቱ ተከፈተ። ጋሽ ሰይድ ወደ ቲቪው ጠጋ አሉ፤ እንደገና ጠጋ አሉ።

«ዛሬ ባሕሩ ላይ ጉም ነው እንዴ?» አሉ።

ጉም አልነበረም። ፀሐይ ነበረች፣ ውሃው እንደዚያው ሰማያዊ ነበር፣ ራቅ ብላ አንዲት መርከብ ነበረች። እትዬ ዘይነባ ቀና ብለው አዩኝ።

«አዎ፣ ጉም ነው» አልኩ።

«ይገፈፍ ይሆናል» አሉ። አልተገፈፈም። ዛሬ እኔን የሚለዩኝ በድምፄ ነው።

ዓይናቸውን ያጠፋሁት እኔ አይደለሁም፤ ለዚህ ለዚህ ሐኪሙም ይመሰክርልኛል። ግን ማየት በሚችሉባት በመጨረሻዋ ወር ባሕሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። እንደለመኑኝ አንዴ ገዝቼላቸው ቢሆን ኖሮ፣ እኔ ብቀየም፣ ብኮራ፣ ከጣራ ወድቄ ብሞት እንኳ ባሕሩ ክፍት ነበር። ወዳጅነት ነው ያልኩት ነገር ሰውን በገመድ አስሮ መያዝ ነበር። ይህን በምን አሳምሬ ልንገርህ? አላሳምረውም።

እዚህ ድረስ የጻፍኩትን ላንተ ከመስጠቴ በፊት ትናንት ይዤው ሄድኩና አነበብኩላቸው። የዳሱ ቀልድ ላይ ስደርስ ፈገግ አሉ። ጉሙ ላይ ስደርስ ፈገግታው ጠፋ። ስጨርስ ወደ ድምፄ ዞሩ።

«ይሸጥ ነበር ማለት ነው?» አሉ።

«ይሸጥ ነበር።»

«አንዴ ተገዝቶ?»

«አንዴ ተገዝቶ። ይቅር በሉኝ፣ አፉ በሉኝ ጋሽ ሰይድ።»

እጃቸውን ሰደዱና ፈልገው ፈልገው ትከሻዬን አገኙት።

«አፉ ብዬሃለሁ። አላህም አፉ ይበልህ። ያቺን ወር ግን ከየት ታመጣልኛለህ?» አሉኝ።