እማዬን ሲያወራት የከረመው ናቲ አልነበረም

የዛሬ ወር ገደማ፣ ቅዳሜ ጠዋት... ልደታ ኮንዶሚኒየም እቤት ልብስ እያጠብኩ ሳለ እማዬ ስልኳን ይዛ መጣች።

«እስቲ አንብቢልኝ። ወንድምሽ ዛሬ በእንግሊዝኛ መለሰልኝ።»

ወንድሜ ናቲ አዳማ ነው የሚሠራው። በቴሌግራም በየቀኑ ያወራታል። «እንዴት አደርሽ እማዬ? መድኃኒትሽን ዋጥሽ?» ይላታል። ጎረቤቱ ሁሉ «ታድለሽ» ይላታል።

መልእክቱን ሳየው ክው አልኩ። የዛሬው የጥያቄ ገደብ አልቋል፣ ቆይተው ይሞክሩ ይላል። ሰው የጻፈው አይደለም፣ ኮድ ነው የላከው።

ፕሮግራመር ስለሆንኩ ወዲያው አወቅሁት። ደግሞም ናቲን ያስተማርኩት እኔው ነኝ! ከኤአይ፣ ማለትም እንደ ሰው ከሚመልሰው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ጋር የሚያገናኝ ላይብረሪ አለ፤ ሌላ ሰው ጽፎ ያዘጋጀው ኮድ ነው። መልእክት ስትሰጠው ለኤአዩ ያደርስና መልሱን ይዞልህ ይመጣል። ናቲ «ለሥራ ፈልጌው ነው» ሲለኝ ሁለት ቀን ሙሉ ቁጭ ብዬ አሳየሁት። ለካ ከቴሌግራሙ ጋር አገናኝቶት፣ በሱ ፈንታ ለእማዬ የሚመልስላት ኤአዩ ኖሯል።

«ምን አለኝ?» አለች እማዬ።

«ኔትወርክ ነው» አልኳት... ሌላ ምን ልበል?

ወደ ላይ እየገፋሁ አነበብኩ። ከሦስት ሳምንት በፊት የጻፈችው ጋ ስደርስ ቆምኩ።

«ናቲዬ፣ ጡቴ ላይ እብጠት ነገር አገኘሁ። ለእህትህ እንዳትነግራት፣ ትደነግጣለች።»

መልሱ ወዲያው ነው የመጣው። «አይዞሽ እማዬ፣ ብዙ ጊዜ ክፉ ነገር አይሆንም። ግን ሐኪም ቢያይሽ ጥሩ ነው። እወድሻለሁ።»

እሷ የሰማችው «አይዞሽ»ን ብቻ ነው። «እሺ የኔ ጌታ፣ አንተ ካልክ» ብላ ተወችው።

በረንዳ ላይ ወጥቼ ደወልኩለት።

«እማዬ ከሦስት ሳምንት በፊት ምን ነገረችህ?»

«ምን... ምን አለች?»

«አላነበብከውም?»

«ሥራ ይበዛብኛል እኮ! መልስ ስታጣ ከምታዝን ብዬ ነው። ደስ ብሏት የለ?»

የጻፈችውን አነበብኩለት። «መጣሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ከሰዓት በኋላ መጣ። አጠገቧ ቁጭ ብሎ ሁሉንም ነገራት። እማዬ አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም።

«እና እወድሻለሁ ያለኝ ማነው?» አለችው።



ሰኞ ሐኪም ቤት ወሰድናት። ናሙና ተወሰደ፣ ውጤቱ እስኪመጣ ሁለታችንም እህል አልወርድልን አለ። ተመስገን፣ ክፉ አይደለም ተባለ። እብጠቱም ወጣላት።

አሁን ናቲ በየቀኑ በራሱ ድምፅ ይደውላል። እማዬም ሁሌ ታነሳለች... «ደህና ነኝ» ትለዋለች፣ ሌላ አንዲት ቃል አትጨምርለትም።