የሸሚዙ ቁልፍ

የዚያን ቀን ዝናቡ የቆርቆሮ ጣሪያውን ሲደበድበው ሰው እርስ በርሱ እንኳ አይደማመጥም ነበር። በልብስ ሰፊዋ ቤት ፊልም ይቀርጹ የነበሩት ሁለት ተማሪዎች «በዚህ ጩኸት ድምፅ አይቀዳም» ብለው እጃቸውን አጣጥፈው ቁጭ አሉ። አንደኛዋ ዳይሬክተሯ ናት፤ የልብስ ሰፊዋ የእህት ልጅ። ሌላው ካሜራማኑ ነው። ተዋናዩ ጎረቤት ያሉ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ሲሆኑ፣ ሚስቱ የሞተችበትን ባል ሆነው ይሠራሉ። ሸሚዛቸው እንዳይጨማደድ አውልቀው ሰቅለው፣ ሹራብ ደርበው ያንጎላጃሉ።

ልብስ ሰፊዋ ዓይኗ ሸሚዙ ላይ አረፈ። ደረቱ ላይ አንድ ቁልፍ የለውም። ከስድስተኛ ክፍል አቋርጣ መርፌ ከያዘች ሠላሳ ዓመት ሆኗታል፤ እንዲህ ያለ ሸሚዝ አይታ አልፋ አታውቅም። ከቁልፍ ጣሳዋ የሌሎቹን ቁልፎች መንታ ፈልጋ ተከለችና ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ለማንም አልተናገረችም። ይሄስ ምን ይወራል?

ዝናቡ አባርቶ የቀረው ተቀረጸ። «አለቀ» ሲባል ፖስተኛው ደስ ብሏቸው ለፊልሙ ያሳደጉትን ጺም ተላጩ።

በሳምንቱ የእህቷ ልጅ ላፕቶፗን ታቅፋ፣ ፊቷ አመድ መስሎ መጣች። ካሜራማኑ ከኋላዋ ተከትሏታል።

«አክስቴ፣ ይሄን ቁልፍ ማን ተከለው?»

«እኔ ነኛ። ምነው፣ ላላ?»

«ፊልሙ እኮ እሱ ነው! ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ቁልፍ የሚተክልለት የለም! አሁን አንዴ አለ፣ አንዴ የለም። እንደገና እንዳንቀርጽ ጺማቸውን ተላጭተዋል። ከነገ ወዲያ ካላስረከብን ዓመቱን መድገማችን ነው!»

«መጀመሪያም ቁልፍ ማን ያያል ብዬሻለሁ» አለ ካሜራማኑ።

«አንተ ከመስኮትና ከብርሃን ሌላ ምን ታውቃለህ? ሰውዬው ለምን እንደሚያለቅስ እንኳ አልገባህም!»

«አንቺ ገብቶሽ፣ ስንቀርጽ ለምን አላየሽውም?»

ልጅቷ ላፕቶፗን ዘጋችው። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

ልብስ ሰፊዋ እግሯን ከስፌት መኪናዋ ሳታነሳ ተነፈሰች። «ቁልፍ ለብቻው አይበቅልም። የሌለበትን አስቀድሙ፣ ያለበትን አስከትሉ። መሃል ላይ የሚተክለውን ሰው አሳዩ፣ በቃ።»

«የኔ ፊልም ግን የሚያልቀው በሐዘን ነው» አለች ልጅቷ በቀጭን ድምፅ።

«ጎረቤት እያለው? እስከ መቼ ደረቱን ከፍቶ ሊዞር ነው?»

ተማሪዎቹ ተያዩ። ካሜራማኑ መስኮቱን አየና፣ «የአክስትሽን እጅ ብቻ፣ እዚህ ብርሃን ላይ» አለ። ልጅቷ ቀስ ብላ ራሷን ነቀነቀች።

ፖስተኛው ሸሚዙን ይዘው መጡ፤ አገጫቸው እንደ እንቁላል ያበራል። «እህቴ፣ ጺሜንም ትተክይልኛለሽ?» አሉ።

ልብስ ሰፊዋ ያንኑ ቁልፍ አሥራ አራት ጊዜ ተከለች፤ አሥራ አራት ጊዜ ፈታች። «ይሄ ነው እንግዲህ ትምህርት የምትሉት?» አለች መርፌ የወጋውን ጣቷን እየጠባች።

ሁለቱም ተማሪዎች ወደሚቀጥለው ዓመት አለፉ። አስተማሪያቸው ከሁሉም የወደደው ቁልፍ የሚተክለውን እጅ ነው አሉ፤ የማን እንደሆነ ግን አልጠየቀም።

ልብስ ሰፊዋ ዛሬም እዚያው መስኮት ሥር ትሰፋለች። ቁልፍ የጎደለው ሸሚዝ ሲመጣላት ግን መርፌ ከማንሳቷ በፊት «ሆን ተብሎ ነው?» ብላ ትጠይቃለች።